ሳሎኑ ከፊት፣ ማጀቱ ከኋላ፤ ስለ አንድ የቤት ፕላን የቀረበ ትችት

ቤት መሥራት ለአብዛኛው የከተማችን ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚገጥመው ሥራ ነው። ድርሰት ያልሰመረለት ደራሲ ሌላ ድርሰት ይጽፋል፤ አንባቢውም መጽሐፉን ዘግቶ ይገላገላል። ቤት ያልሰመረለት ሰው ግን በስሕተቱ ውስጥ እየተኛ፣ በስሕተቱ ውስጥ እየተነሣ ይኖራል። ስለዚህ የቤት ፕላን እንደ ማናቸውም የአእምሮ ሥራ ሊመረመርና ሊተች ይገባዋል ብለን እናምናለን።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ፕላን በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በቤቴል አካባቢ፣ በ150 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ቤት ሊሠራ ያሰበ አንድ ቤተ ሰብ ያስነደፈው ነው። የቤተ ሰቡንም ሆነ የነዳፊውን ስም መጥራት አያስፈልግም። ፕላኑ የእነርሱ ብቻ አይደለምና፤ ከዓለም ባንክ እስከ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና እስከ ወይራ ሰፈር ብንዘዋወር ይህንኑ የሚመስል ቤት ደጋግመን እናያለን። በቤቱ የሚኖሩት ስድስት ናቸው፤ አባትና እናት፣ ሦስት ልጆች፣ ሁሉም «እማማ» የሚሏቸው አያት። መሠረቱ ገና አልተቆፈረም። በወረቀት ላይ ያለን ግድግዳ ለማንሣት ላጲስ ይበቃል፤ ብሎኬት ከተደረደረ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አስቀድመን ፕላኑ የያዘውን እናስረዳ። ቦታው ፊቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 15 ሜትር ነው። ዋናው ቤት 7.5 በ9 ሜትር፣ ማለት 67.5 ካሬ ሜትር ሆኖ ወደ መንገዱ ይመለከታል። ከዚህ ውስጥ ሳሎኑ ከመመገቢያው ጋር 27 ካሬ ሜትር ይይዛል። መተላለፊያው 7.2፣ ሁለቱ መኝታ ቤቶች 9 እና 7.5፣ ኩሽናው 4፣ መታጠቢያው 3.5 ካሬ ሜትር ናቸው። የቀረው የግድግዳ ውፍረት ነው። ከኋላ፣ የጀርባውን አጥር ተጠግቶ፣ 10 በ2.5 ሜትር የሆነ «ሰርቪስ» አለ። በእርሱም ውስጥ እንጀራ መጋገሪያ፣ ዕቃ ቤት፣ ሽንት ቤትና አንዲት ትንሽ ክፍል ተደርድረዋል። በዋናው ቤትና በሰርቪሱ መካከል 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ክፍት መተላለፊያ ቀርቷል።

ለፕላኑ ተገቢውን ምስጋና አንነፍገውም። የውሃው መሥመር በአንድ ወገን ተሰብስቧል። መኝታ ቤቶቹ ከመንገዱ ጫጫታ ርቀዋል። ጣሪያው ቀላል ስለ ሆነ ለማንኛውም አናጢ አያስቸግርም። ነዳፊው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ስሕተቱ የእጁ ሳይሆን የአሳቡ ነው፤ አሳቡንም ያመነጨው እርሱ ሳይሆን ከሌላው የተቀበለው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ቤቱ የተነደፈው ለማን ነው? ሳሎኑ የዋናውን ቤት 40 ከመቶ ወስዷል። በዚህ ሳሎን የሚቀመጠው እንግዳ ነው። እንግዳውም በየቀኑ አይመጣም፤ በዓመት በዓል፣ በማኅበር፣ በክርስትና ይመጣል። በሌላው ቀን ሶፋው በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ልጆቹም «እንዳታቆሽሹ» እየተባሉ ይኖራሉ። ታላቁ ቀን ሲመጣስ? ሠርግ ሲሆን ዳስ ይጣላል፤ ለቅሶ ሲሆን እድሩ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ይዞ ይመጣል። ለቀስተኛውን 27 ካሬ ሜትር ሊይዘው አይችልም። እንግዲህ ይህ ሳሎን ለዘወትር ይበዛል፤ ለታላቁ ቀን ደግሞ ያንሳል።

ድንኳኑ የት ይተከላል ብለን ብንጠይቅ ፕላኑ መልስ የለውም። ከ150 ካሬ ሜትር ሁለቱ ቤቶች 92.5 ወስደው 57.5 ይተርፋል። ይህ ትንሽ አይደለም፤ ነገር ግን ከፊት 2 ሜትር፣ ከጎን 2.5 ሜትር፣ ከኋላ 1.5 ሜትር ሆኖ እንደ መቀነት በቤቱ ዙሪያ ተጠምጥሟል። ከ2.5 ሜትር የሚሰፋ ቦታ በአንድም ወገን አይገኝም። በርበሬ ማስጫ፣ ልብስ ማድረቂያ፣ ልጅ መጫወቻ፣ የጠዋት ፀሐይ መሞቂያ የለም። ቦታው አለ፤ ግቢው ግን ጠፍቷል።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ያሳስበናል። የዚህ ቤት ኑሮ በእውነት የሚካሄደው በሰርቪሱ ነው። 4 ካሬ ሜትሩ ኩሽና ሻይ ከማፍላትና ሰሐን ከማጠብ አያልፍም። ሊጥ የሚቦካው፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እንጀራ የሚጋገረው፣ ሽንኩርት የሚከተፈውና ወጥ የሚሠራው ከኋላ ነው። እናት ወይም የቤት ሠራተኛ ወጡን ይዛ በ1.5 ሜትሩ መተላለፊያ ስትሻገር፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የሁለት ጣሪያ አሸንዳ ውሃ ይወርድባታል። የምትሠራበት ክፍል 2.5 ሜትር ጥልቀት ኖሮት ጀርባው አጥር ነው፤ ጢሱ ከፊቷ ባለው በር ካልወጣ ሌላ መውጫ የለውም። ይኸውም በሩ ትይዩ ወደሆነው የመኝታ ቤት መስኮት ይገባል።

እማማ የት እንደሚያድሩ ስንጠይቅ «እዚያች ትንሽዋ ክፍል፣ ከሰርቪሱ» ተባልን። ምክንያቱም በዋናው ቤት ሁለት መኝታ ብቻ አለ፤ አንዱ ለባልና ሚስት፣ አንዱ ለሦስቱ ልጆች። ልጆቹን ያሳደጉት፣ ዛሬም ቡናውን የሚያፈሉትና ማታ የሚመርቁት ሰው፣ ማንም በማይቀመጥበት 27 ካሬ ሜትር ምክንያት ከጢሱ ጎን ሊተኙ ነው። ቤተ ሰቡ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ፕላኑ ሌላ ቦታ ስላልተወላቸው ነው።

ይህ አሠራር ከወዴት መጣ? «ቪላ»፣ «ሳሎን»፣ «ሰርቪስ» የሚሉት ቃላት ከአውሮፓ ቋንቋዎች ስለ ሆኑ አሳቡም ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው የሚል ሰው ይኖራል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በዳግማዊ ምኒልክ ግቢ እልፍኙና አዳራሹ የተለያዩ ሕንፃዎች ነበሩ፤ ወጥ ቤቱ፣ እንጀራ ቤቱና ጠጅ ቤቱም እያንዳንዳቸው ለየብቻ ነበሩ። መኳንንቱም እንደየዐቅማቸው ይህንኑ ተከትለዋል። አዳራሹ ለግብር፣ እልፍኙ ለጌታው፣ ማድ ቤቱ ለአገልጋዩ ነው። የቤቴሉ ፕላን ስሙ ተለውጦ ያው ግቢ ነው። አዳራሹ ሳሎን፣ እልፍኙ መኝታ ቤት፣ ማድ ቤቱ ሰርቪስ ሆኗል። ልዩነቱ፣ ጌታው በግብር ብዙ ሰው ያበላ ነበር፤ ብዙ አገልጋይም ነበረው። ስድስት ሰዎች በ150 ካሬ ሜትር ላይ የጌታ ቤት ቢሠሩ፣ ጌታም አገልጋይም ራሳቸው ይሆናሉ።

በሌላው ወገን የገበሬውን ጎጆ ብንመለከት፣ ምድጃው ከቤቱ መካከል ወይም ከመካከሉ አጠገብ፣ ጓዳው ከመደቡ አጠገብ ነው። ጢሱ እጅግ የሚጐዳ ስለ ሆነ ጎጆውን እንዳለ መልሰን እናምጣ አንልም። ነገር ግን የምትሠራው ሴት ከሚጫወተው ሰው አልተለየችም፤ ይህ ሊጣል የማይገባው ጥበብ ነው።

ቦታውም ተለውጧል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲታወጅ ለአንድ መኖሪያ የተፈቀደው ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ነበር። በዚያ ስፋት ላይ ቪላና ሰርቪስ ቢለያዩ በመካከላቸው ግቢ ይተርፋል። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ግን ቦታ እየተወደደ፣ የሚደርሰውም እየጠበበ ሄዷል። ቦታው ከሢሶ በታች ሲሆን ፕላኑ ግን አልተለወጠም።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብርም ይህን ችግር አይቶታል። በክፍለ ከተማችን በሚኪሊላንድ እንዳሉት ባሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ቤቶቹ ከስቱዲዮ እስከ ባለ ሦስት መኝታ ሲሆኑ ባለ ሁለት መኝታው ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር ተደርጎ ታቀደ። እንጀራ ለመጋገር፣ በግ ለማረድና ልብስ ለማጠብም የጋራ መገልገያ ሕንፃ ተጨመረ። ነዳፊዎቹ እንጀራን አለመርሳታቸው ያስመሰግናቸዋል። መፍትሔያቸው ግን ያው ነው፤ ማጀቱን ከቤቱ አውጥተው ከደረጃው በታች አኖሩት። በ150 ካሬ ሜትር ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ለማድረግ የሚያስገድደው ነገር የለም።

እንግዲህ ነቅፎ ብቻ መተው ስለማይገባ የራሳችንን አሳብ እናቅርብ። ፕላን ከማጀት መጀመር አለበት። መንገዱ በደቡብ ወገን በመሆኑ፣ ቤቱ የሰሜኑንና የምዕራቡን አጥር ተጠግቶ እንደ ማዕዘን ይሠራ፤ በሰሜን 10 በ4፣ በምዕራብ 8 በ4 ሜትር፣ በድምሩ 72 ካሬ ሜትር። ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ መደዳ ሆነው በ1.2 ሜትር በረንዳ ወደ ግቢው ይከፈቱ። በምዕራቡ ክንፍ ሦስት መኝታ ቤቶች፣ እያንዳንዳቸው 9 ካሬ ሜትር ገደማ፤ አንዱ የእማማ ነው። መስኮት በማያገኘው ማዕዘን ላይ ጓዳና መታጠቢያ፣ ከላይ በጣሪያ በኩል አየር የሚያገኙ። ከእርሱ ቀጥሎ 7 ካሬ ሜትር ማጀት፤ ከዚያ 13 ካሬ ሜትር ሳሎን፣ በመካከላቸው በር ያለው። በረንዳውን ትተን ወደ 4.8 በ9.8 ሜትር የሚሆን አንድ ወጥ ግቢ ይገኛል። መኪና ይቆምበታል፤ ሲያስፈልግ መኪናው ወጥቶ ድንኳን ይተከልበታል።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ናት፤ ጠዋቱ ይበርዳል። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ግቢው ለምሥራቅና ለደቡብ ክፍት ሲሆን በረንዳው ጠዋት ይሞቃል። ማጀቱ ከምጣዱ በላይ ጢስ ማውጫ ይኑረው፤ ከጣሪያው ክዳን ከፍ ብሎ ይውጣ።

ሦስት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እናውቃለን። አንደኛው «የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለ ጢስ ምን ያስፈራል?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ምጣዱ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ መብራት የጠፋ ቀን ከሰልና እንጨት ይመለሳሉ፤ እንፋሎቱና የሊጡ ዕቃም ቦታ ይፈልጋሉ። ይልቁንም ምጣዱ ከጢስ ነፃ ከሆነ ማጀቱን ከቤት ለማራቅ የቀረው ምክንያት ምንድን ነው? ሁለተኛው «ወደ ፊት ፎቅ ብንጨምርስ?» የሚል ሲሆን ይህ ተገቢ ነው። ቀጭን ክንፍ ለፎቅ አይመችም፤ ፎቅ በእርግጥ የሚያስብ ሰው መሠረቱንና የደረጃውን ቦታ ከአሁኑ ሊያዘጋጅ፣ የእኛንም አሳብ ሊያስተካክል ይገባዋል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ የነገሩን የቤቱ እመቤት ናቸው። «ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ምን እንላለን? በ13 ካሬ ሜትር ሰው ይጠራል ወይ?» አሉን። ይህ ጥያቄ ሊናቅ አይገባም። እንግዳን ማክበር የአገራችን ሰው ከድኽነቱ ጋር ያላጣው ሀብት ነው። የእኛ መልስ፣ እንግዳ የሚከበረው በተሸፈነ ሶፋ ሳይሆን ትኩስ ሆኖ በቀረበ ወጥና እመቤቷ ሳትነሣና ሳትመላለስ ከአጠገቡ ተቀምጣ በምታፈላው ቡና ነው የሚል ነበር። እመቤቲቱ ጥቂት ዝም ብለው ወረቀቱን ወደ እማማ ገፋ አደረጉላቸው። እማማ ፕላን ማንበብ አያውቁም። «የኔ መኝታ የት ነው?» ብለው ጠየቁ፤ በጣታችን አሳየናቸው። «ማጀቱስ?» አሉ፤ እርሱንም አሳየናቸው። «ቅርብ ነው» አሉ።

ይህን አሳብ የመጨረሻ አድርገን አንቈጥረውም። ልኩንና አቀማመጡን ከእኛ ይበልጥ የሚያውቁ መምህራንና ጓደኞች እንዲያርሙት እንለምናለን። አንድ ነገር ግን እንዲጸና እንሻለን፤ ነዳፊው እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት «ሳሎኑ ስንት በስንት ይሁን?» ከማለት ይልቅ «እንጀራው የት ይጋገራል? የምትጋግረውስ ከማን ጋር እየተጫወተች ነው?» ብሎ ይጠይቅ።