እንቁላሉ አይዞርም፣ ሙቀቱ ይዙር

የእናቴ ዶሮ ስትታቀፍ እንቁላሎቿን በመንቁሯ እያገላበጠች፣ ዳር ያለውን ወደ መሃል፣ የመሃሉን ወደ ዳር ስታደርግ አይ ነበር። ከሆዷ ሥር ያለው ሙቀት እኩል ስላልሆነ ለሁሉም ተራ ትሰጣለች።

እኔ የማስፈለፍለው ግን የሌፐርድ ጌኮን እንቁላል ነው፤ የአፍጋኒስታንና የፓኪስታን ደረቅ ምድር እንሽላሊት። የዶሮዋ ዘዴ እዚህ አይሠራም። እንቁላሉ በተጣለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽሉ ከውስጠኛው ሽፋን ጋር ይጣበቃል፤ ከተገለበጠ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አናቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ፣ እንደተቀመጠ አነሳዋለሁ።

ሙቀቱ ደግሞ ፆታንም ይወስናል። ይህን በእንሽላሊቶች ላይ ቀድማ ያስተዋለችው በ1966 እ.ኤ.አ. ሴኔጋል ውስጥ ትሠራ የነበረችው ተመራማሪ ማደሌን ሻርኒየ ናት። የጌኮ እንቁላል 26 ዲግሪ ላይ ከቆየ የሚፈለፈሉት ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ሴቶች ናቸው፤ 32 ዲግሪ ተኩል ላይ አብዛኞቹ ወንዶች ይሆናሉ።

የመጀመሪያው መፈልፈያዬ የዓሣ ማጓጓዣ ፎም ሳጥን ነበር። ማሞቂያውን ከላይ ሰቅዬ፣ የቴርሞስታቱን መለኪያ መሃል ላይ አሰርኩት። ቁጥሩ 30 ይላል፤ እኔም አመንኩት። የላይኛው መደርደሪያ እንቁላሎች ግን የታችኞቹን ከሁለት ሳምንት በላይ ቀድመው ተፈለፈሉ። በየማዕዘኑ ቴርሞሜትር ሳስቀምጥ በላይና በታች መካከል የ4 ዲግሪ ልዩነት አገኘሁ። ቴርሞስታት የሚያውቀው እሱ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው።

የማሞቂያውን ሽቦ ወደ ወለሉ አወረድኩት፤ ሞቃት አየር በራሱ ወደ ላይ ይወጣልና። ከሽቦው በላይ በውሃ የተሞሉ ጠርሙሶች ደረደርኩ። ውሃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል፤ ክዳኑ ሲከፈት የሚያመልጠውን ሙቀት ይተካል። ከአሮጌ ኮምፒውተር የፈታኋት ማራገቢያ አየሩን በዝግታ ታዞራለች። ነፋሱ እንዳያደርቃቸው እንቁላሎቹ እርጥብ ቨርሚኩላይት (እርጥበት የሚይዝ ማዕድን) ባለበት ባለክዳን ዕቃ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ መለኪያውም እዚያው፣ አጠገባቸው ነው። ቴርሞሜትሮቹ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ዜሮ ማሳየታቸውን ሳላረጋግጥ አላምናቸውም። ሳጥኑም እንቁላል ከመግባቱ በፊት ሁለት ሙሉ ቀን ባዶውን ይሠራል።

አሁን በማዕዘኖቹ መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ አይበልጥም። ዶሮዋ እንቁላሉን ወደ ሙቀቱ ታመጣው ነበር፤ የእኔ ሥራ ሙቀቱን ወደ እንቁላሉ ማድረስ ነው። ስለዚህ ሳጥኑን ስፈትሽ መጀመሪያ የማየው የመሃሉን ሳይሆን የጥጉን ቴርሞሜትር ነው።