ወንዙን የሚያይ፣ ወንዙን ያላወቀ ቤት

እስቲ አስቡት፤ ከከተማ ጫጫታ ርቃችሁ፣ ዛፍ በከበበው ሜዳ ላይ፣ ወንዝ ዳር ቤት ልትሠሩ ነው። ወለሉን ከመሬት ምን ያህል ከፍ ታደርጉታላችሁ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ አርክቴክቶች አንዱ የሆነው ሚስ ቫን ደር ሮ ግን የተሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

ቤቱ የሚገኘው አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት፣ ፕላኖ አጠገብ፣ በፎክስ ወንዝ ዳር ነው። የቺካጎ ሐኪም ለነበረችው ለኢዲት ፋርንስዎርዝ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1951 ተጠናቀቀ። ወለሉና ጣሪያው በ8 የብረት ዓምዶች የተያዙ ሲሆን ዙሪያው በሙሉ መስታወት ነው። ወለሉ ከመሬት 1.6 ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል።

ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። መሬቱ አልተቆረጠም፣ በአፈር አልተሞላም። ወንዙ ሲሞላ ውሃው ከሥር እንዲያልፍ መንገድ ተትቶለታል። ስህተቱ ቁጥሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎርፉ ከወለሉ በላይ ከአንድ ሜትር በላይ ወጣ። በ1996 ደግሞ ከዚያም ብሶ መስታወት ሰበረ፣ ዕቃ አበላሸ። በ2008 እንደገና ገባ።

«ታዲያ ጎርፍ ስንት ጊዜ ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። እንቁጠረው። «የ100 ዓመት ጎርፍ» የሚባለው በ100 ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ የሆነ ነው። ቤታችሁ 70 ዓመት ቢቆም፣ 0.99ን 70 ጊዜ በራሱ አባዙት፤ 0.49 ገደማ ይመጣል። ቢያንስ አንድ ጊዜ የመጥለቅለቅ ዕድላችሁ ሳንቲም ወርውሮ እንደመገመት ነው ማለት ነው! በዚያ ላይ ከላይ ያለው ተፋሰስ በአስፋልትና በጣሪያ ሲሸፈን ዝናቡ ወደ አፈር መስረጉን ትቶ በፍጥነት ወደ ወንዙ ይወርዳል። ስለዚህ የትናንቱ መለኪያ ለነገ አይበቃም።

ሁለተኛው ችግር መስታወቱ ነው። ነጠላ መስታወት ከድርብ መስታወት ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ ያህል ሙቀት ያሳልፋል። ስለዚህ ክረምቱ ብርድ፣ በጋው እሳት ነው። የሚከፈቱት ደግሞ በሩና ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ብቻ ናቸው። በበጋ ዋናው መከላከያ በደቡብ በኩል የነበረ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር፤ እሱም አርጅቶ ተቆረጠ። ይገርማል፤ የቤቱ ምርጥ ማቀዝቀዣ አርክቴክቱ ያልሠራው ነገር ነበር።

ብዙዎች «ድንቅ ሥራ ስለሆነ ይቅር ይባላል» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ቤቱ ውብ ነው፣ ዛሬም በሙዚየምነት መጠበቁ ይገባዋል። ግን «ከተፈጥሮ ጋር የተስማማ» ሲባል ተፈጥሮን በመስታወት ማየት ብቻ ከሆነ፣ ያ ስምምነት የአንድ ወገን ነው። ወንዙን ማንም አልጠየቀውም እኮ!

እናንተ አንድ ቀን ወንዝ ዳር ቤት ብትነድፉ፣ እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ አጣሩ። የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ ዛፍና ድንጋይ ላይ የቀረውን የደለል ምልክት ፈልጉ። የመጨረሻውን ከፍታ ስታገኙ እዚያ ላይ አትቁሙ፤ ትርፍ ጨምሩበት። የወለሉን ከፍታ ከዚያ በኋላ ወስኑ፤ ውበቱ ከዚያ ይቀጥላል።