ለሙቀት የተተወ ቦታ

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የውጅግራ ቀለህ ቆሟል። ቁመቱ 59 ሚሊሜትር ነው። ናሱ በዘመን ብዛት ጠቁሯል፤ አፉ አካባቢ ብቻ በእጅ ሲታሽ ስለኖረ ቢጫው ፈክቶ ይታያል። ግርጌው ሰፋ ያለ ክብ ነው፤ በዙሪያው የሠሪው ምልክትና የተሠራበት ዓመት ተመትቶበታል። ከግርጌው ወደ ላይ ሲሄድ ሆዱ ሞላ ይልና ትከሻ ይሠራል፤ ከዚያ አንገቱ ጠብቦ የ11 ሚሊሜትር አረር ይጎርሳል። ብርሃን ላይ ሳዞረው አንድም ቦታ ጠመም አላለም። ከአንድ ጠፍጣፋ የናስ ቁራጭ ተስቦ፣ ተስቦ፣ በየመሃሉ በእሳት እየለዘበ ነው እዚህ ቅርጽ ላይ የደረሰው።

የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 ወደ አገሩ ሠራዊት ገባ፤ አገራችን ስሙን በራሷ አንደበት ውጅግራ አለችው። በዓድዋ ብዙ ወታደር የተሸከመው እሱን ነበር። ጥይቱ በየገበያው እንደ አሞሌ ጨው በዝርዝር ገንዘብነት እስከ ማገልገል ደርሷል። ሰው ጥይትን ቆጥሮ የሚቀበለው ሲተኮስ እንደሚሠራ ስለሚያምን ነው። ያን እምነት የፈጠረው ደግሞ የሞላው ሰው እጅ ነው።

ጥይቱን በልባችን ከፍተን እንየው። ከታች 5 ግራም ከሩብ ያህል ጥቁር ባሩድ አለ። ከባሩዱ በላይ በሁለት የካርቶን ክቦች መካከል የተጋደመ የሰም ንጣፍ ይገኛል። ከሰሙ በላይ 25 ግራም የሚመዝን አረር በቀጭን ወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ወረቀቱ እርሳሱ የብረቱን ቦይ እንዳይቀባው ይከላከላል። ሰሙ ደግሞ ጥቁር ባሩድ የሚተወውን ጥላሸት ያለሰልሳል፤ ያለ እሱ ጥላሸቱ በደረቅ አየር እንደ ሸክላ ይጋገርና ሁለተኛው አረር በግድ ነው የሚገባው። እኔ ዓይኔን የምጥልበት ይህ ሰም ነው። የጣት ውፍረት እንኳ የለውም፤ ከጥይቱ ክፍሎች ሁሉ ግን የአየር ጠባይን ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

የበጌምድርን ጧፍ ሠሪ ጠይቁ። ንብ የሠራው ሰም ደጋ ላይ ይሰበራል፣ ቆላ ላይ ይታጠፋል። የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ከሰሙ ጋር የሚቀላቀለው ሞራ ግን ገና 40ዎቹ ውስጥ ይፈሳል። ስለዚህ ሰሙ ላይ ሞራ ያበዛ ሰው ጥይቱን ለብርድ አገር ሠራው ማለት ነው፤ ቆላ ሲወርድ ቅባቱ በካርቶኑ ጠርዝ ሾልኮ ባሩዱን ያርሰዋል። የራሰ ባሩድ ደግሞ ይዘገያል ወይም ጨርሶ ይከሽፋል። ሞራ የነፈገው ደግሞ ሰሙ በውርጭ ጠንክሮ ሳይቀባ ያልፋል። ትክክለኛው ልክ ያለው በሁለቱ መካከል ነው፤ ልኩን የሚወስነውም ጥይቱ የሚተኮስበት አገር እንጂ የሚሞላበት ቤት አይደለም።

ይህን ለማየት ከይፋግ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት ስሟ የገነነ የበጌምድር ገበያ ነበረች፤ ዛሬ በሊቦ ከምከም፣ ከአዲስ ዘመን አቅራቢያ ትገኛለች። በስተደቡብ የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል። ሜዳውን የሚያቋርጠው የርብ ወንዝ ከጉና ተነሥቶ ጣና ይገባል። የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር ያልፋል፤ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚቀዘቅዝ፣ በወንዙ መነሻና መድረሻ መካከል ወደ 15 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ። በዚያ ላይ አዳኙ ዝሆንና ጎሽ ፍለጋ ወደ ቋራና መተማ ቆላ ይወርድ እንደነበር አስቡ። እዚያ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በደብረ ታቦር ብርድ በጋቢ ተጠቅልሎ ጥይት የሞላ ሰው ያን ቀትር በእጁ ይዞ መሙላት ነበረበት።

የዚህ ሙያ ታላቁ ፈተና አገራችን ላይ ያለፈው በሌላ ሰው እጅ ነው። ያማል፤ ሆኖም ሥራው ሥራ ነውና ሳልናገር አላልፍም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚያ ወጥቶ፣ ንጉሡ ራሳቸው መንገድ እያስጠረጉ፣ መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው አለ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ፣ የቴዎድሮስ ሰዎች ከተራራው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ባሩዱን በአፈሙዝ አስገብተው አረሩን ከላዩ የሚያስጎርሱ ጠመንጃዎች ይዘው ነበር። ያ ጠመንጃ በሚተኮስበት ቦታ፣ በዚያው ቀን አየር ይሞላል። የሞላው ሰው ሙቀቱን በፊቱ ቆዳ ያውቀዋል።

ከፊታቸው የቆመው የእንግሊዝ ወታደር የያዘው ስናድር የተባለውን ጠመንጃ ነበር። ስናድር በጦር ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋለው በዚህ የእንግሊዞች የመቅደላ ዘመቻ ነው። ጥይቱን ኤድዋርድ ቦክሰር የተባለ መኮንን ዉሊች በሚገኘው የጦር ቤተ ሙከራ ነበር የነደፈው። ቀለሁ ከስስ የናስ ቅጠል ተጠቅልሎ ተሠራ፤ ባሩዱ ላይ ጥጥ ተደረገ፤ አረሩ በዙሪያው በተቀረጹት ቦዮች ንጹሕ ሰም ተቀባ። ያ ጥይት በእንግሊዝ ጭጋግ ተወለደ፤ በመርከብ ቀይ ባሕርን አቋርጦ ዙላ ላይ ወረደ፤ ድንጋዩ በሚፋጅበት በዚያ ጠረፍ ተከመረ፤ ከዚያ በበቅሎና በግመል የትግራይን፣ የላስታን፣ የዋድላንና የደላንታን ደጋ ወጣ፤ ሌሊቱን በረደ፣ ቀኑን ሞቀ፤ በመጨረሻ አሮጌ ላይ ተተኮሰ፤ ሠራም። ስንቱን የኛን ሰው እንደገደለ አውቃለሁ። ያን ቀን ከተራራው የወረዱትን ከብዛታቸውና ከጀግንነታቸው ጋር የበለጣቸው አንዱ ነገር በሩቅ አገር ለማይታወቅ አየር የተሞላ ጥይት ነበር።

ጥቁር ባሩድ ራሱ ለሙቀት ብዙም አይደነግጥም፤ ጠላቱ እርጥበት ነው። ነገሩ የከፋው ጭስ አልባው ባሩድ ሲመጣ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ሠራው፤ ሌቤል የተባለው ጠመንጃ በ1886 ተከተለው። እንግሊዞች በ1889 ኮርዳይት አሉ፤ የመጀመሪያው ኮርዳይት ከመቶ 58 እጁ ናይትሮግሊሰሪን ነበር። ይህ ዓይነት ባሩድ ከመተኮሱ በፊት የነበረውን ሙቀት ይዞ እሳት ውስጥ ይገባል። ሞቆ የቆየ ፍሬ ቶሎ ይነዳል፤ ቶሎ ሲነድ ጋዙ አረሩ ሳይርቅ ይከማቻል፤ ግፊቱም ይንራል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ጥይቱ ዒላማ ይስታል ብሎ ነው። ሆኖም በ20 ዲግሪ ልዩነት ለሙቀት የሚሳሳ ባሩድ እንኳ ፍጥነቱን የሚጨምረው በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ሜትር ቢሆን ነው፤ በ200 ሜትር ርቀት ይህ ከሁለት ጣት ስፋት አይበልጥም። አደጋው ከኋላ ነው። ግፊቱ ሲበዛ ናሱ ይለጠጥና የጥይቱ ማደሪያ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ መዝጊያው አልከፈትም ይላል። ጎሽ ቆስሎ ሲመለስ የተጣበቀ ቀለህ የያዘ ጠመንጃ ዱላ ነው።

በሕንድና በአፍሪካ ያደኑ ሰዎች ይህን በሕይወታቸው ከፍለው ተማሩት። የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ ጆን ሪግቢ እ.ኤ.አ. በ1898 ኮርዳይት የሚተኩሰውን ትልቅ የዝሆን ጥይት አወጣ፤ ቆየት ብሎ ለሞቃት አገር የሚላኩ ጥይቶች ኮርዳይታቸው ተቀንሶ ይሞሉ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1911 ያው ቤት ያወጣው 416 ሪግቢ የተባለ ጥይት ቀለሁ ከሚጎርሰው ባሩድ ጋር ሲነጻጸር ሆደ ሰፊ ነው። የማያውቅ ሰው ናስ ማባከን ይመስለዋል። ያ ክፍት ቦታ ግን ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ ቀትሩ ሲመጣ ግፊቱ እዚያ ይተነፍሳል። የእጅ ሙያ ስናደንቅ የተጨመረውን ጌጥ፣ የተቀረጸውን፣ የተጠረበውን እናያለን። ይህ ጥይት ግን ያላደረገውን እንድናደንቅ ይጠይቃል፤ ሠሪው ሙሉ ኃይሉን መስጠት እየቻለ እጁን ሰብስቦ ትቶታል።

ቀለህ መልሶ የሚሞላ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ቀለሁን በማንበብ ነው። መለኮሻው ካፕሱል ጠርዙ ክብ ሆኖ ከቆየ ግፊቱ ልከኛ ነበር፤ ከተጨፈለቀና የጉድጓዱን ጠርዝ ከሞላ በዝቶበታል። ግርጌው ላይ የሚያበራ አዲስ ጭረት ካለ ናሱ በግድ እንደ ተገፋ ይናገራል። ከግርጌው ከፍ ብሎ ቀጭን ብሩህ ቀለበት ከታየ ቀለሁ ሊበጠስ ነው፤ ይጣላል። ጥሩ ሙያተኛ እዚህ ላይ አይከራከርም።

ከዚያ እሳት ይመጣል። ናስ በተተኮሰና በተጨመቀ ቁጥር ይደርቃል፤ የደረቀ አንገት ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንገቱ በነበልባል ይለዝባል፤ ግርጌው ግን ግፊቱን የሚሸከም ነውና መለዘብ የለበትም። ቀለሁ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ይቆማል፣ አንገቱ ብቻ ይወጣል፤ ሠሪው ጨለም ባለ ክፍል ተቀምጦ ቀለሙን ይጠብቃል። ናሱ መልኩን ገና ሲለውጥ፣ ፍም ሳይመስል፣ ተገፍቶ ውኃው ውስጥ ይወድቃል። በመካከሉ ያለው ጊዜ ሰከንዶች ነው። ሰከንድ የሚቆጥር መሣሪያ አለ፤ ዓይኑ የለመደ ሰው ግን ቀለሙን ነው የሚያምነው። አንዷ አንገት አብዝታ ከለዘበች አረሩን አጥብቃ አትይዝም፤ ከጓደኞቿም የተለየ ግፊት ትሰጣለች።

ባሩዱ በሚዛን ይለካል። የጥሩ ሚዛን ስሕተት ከግራም መቶኛ እጅ ያንሳል። እያንዳንዱ ጥይት ብቻውን ትክክል መሆኑ አይበቃም፤ አሥሩም አንድ መሆን አለባቸው። አንድ የሆኑ ጥይቶች በሙቀት ሲለወጡም አንድ ላይ ይለወጣሉ፤ አዳኙም ያውቃቸዋል። ዛሬ ሙቀት እምብዛም የማይለውጠው ባሩድ አለ፤ ከታወቁት መካከል አንዱ የሚሠራው በአውስትራሊያ ሙልዋላ ነው። ሆኖም መኪና መስታወት ሥር በፀሐይ የተተወ ጥይት 60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ያንን የሚያስተካክል ባሩድ የለም፤ ጥላ ውስጥ ማኖር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለኛ ቤት ቅርብ ነውና። በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናም ወራት ጥይቱን በፈረስ ጋጣ ሲያስቀምጥ ቀለሁ ማንም ሳይነካው ይሰነጠቅ ነበር። ሞር፣ ቤኪንሰልና ማሊንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1921 ምክንያቱን አስረዱ፤ ከእንስሳት ሽንት የሚወጣው አሞኒያ በውጥረት ላይ ያለን ናስ ይሰብረዋል። መድኃኒቱ ያው የእሳት ማለዘብ ሆነ፤ ውጥረቱ በልኩ ሙቀት ይወጣል። ደጋ ላይ በቅሎና ከብት ከሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ ዝናርም ምሰሶው ላይ ይሰቀላል። በዚያ ቤት አንገቱ ሳይሰነጠቅ የቆየ ቀለህ ካለ፣ የሠራው ሰው ናሱን በልኩ አለዝቦታል።

ዛሬ አደን በፈቃድ ብቻ ነው፤ የዱር እንስሳት አዋጅና የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዙታል፤ እንዲህ መሆኑም ተገቢ ነው። የምለምነው ሌላ ነገር ነው። በይፋግ፣ በአዲስ ዘመን፣ በወረታ፣ በደብረ ታቦር በየቤቱ የአያት ዝናርና የጠቆረ ቀለህ አለ። ያልተተኮሰ ጥይት ካገኛችሁ አትንኩት፤ ለሚመለከተው አካል አስረክቡ። ባዶ ቀለህ ከሆነ ግን ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ግርጌውን አንብቡ፣ አንገቱን በብርሃን እዩት። ቀለህ ሲሞላ ያየ አዛውንት በመንደራችሁ ካለም ዛሬውኑ ሂዱና ጠይቁት፤ ሰሙን ከምን ጋር ቀላቀላችሁ? ቆላ ስትወርዱ ባሩዱን ስንት ቀነሳችሁ? መልሱን ቃል በቃል ጻፉት።