ቀድሞ የሚነሳው

ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ስንከፍት ቀድሞ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ ራሱ አይደለም፤ ኤልዲ ዶት ኤስኦ የሚባለው ጫኝ ነው። የሚያስፈልጉትን የጋራ ላይብረሪዎች ፈልጎ ሚሞሪ ላይ ያሰናዳል፣ ከዚያ ሥራውን ለባለቤቱ፣ ለፕሮግራሙ፣ ያስረክባል። መቶ ፕሮግራም ሊብሲ የተባለውን ያንኑ ላይብረሪ ቢፈልግ ራም ላይ ያለው የኮዱ ቅጂ አንድ ነው፤ ሁሉም ይጋሩታል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የጫኙ ተጠራጣሪነት ነው። ተጠቃሚው «ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ» በተባለው ቅንብር «ከዚህ ፎልደር ውሰድ» ቢለው እሺ ይላል። እንደ ፓስወርድ መቀየሪያው፣ ተራ ተጠቃሚ ቢከፍተውም በሩት፣ ማለትም በማሽኑ የበላይ አስተዳዳሪ፣ ሥልጣን የሚሠራ ፕሮግራም ሲሆን ግን ያንኑ ትእዛዝ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል። እንዲያ ባያደርግ ማንም ተራ ተጠቃሚ የራሱን ኮድ አስርጎ ማሽኑን በወረሰው ነበር። ጫኙ አንድ ላይብረሪ ሲያጣ የሚጽፈው መልእክት ደረቅ ነው፤ ቢሆንም የጠፋውን ፋይል በስሙ ይጠራል።