ከሙቀቱ በፊትና በኋላ

ባክቴሪያ ውስጥ ባዕድ ዲኤንኤ ማስገባት ሲነገር አጭር ሥራ ነው። የተዘጋጀውን ኢ. ኮላይ በረዶ ላይ ፕላዝሚድ ከሚባለው የዲኤንኤ ቀለበት ጋር ቀላቅሎ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውኃ ለ45 ሰከንድ ያህል ነክሮ ወደ በረዶው መመለስ። ጀማሪ ሁሉ የሚጨነቀው ለእነዚያ ሰከንዶች ነው። ሙያው ያለው ግን ከእነሱ በፊትና በኋላ ነው።

ኢ. ኮላይ እንዲሁ ቢተዉት ከውጭ የመጣ ዲኤንኤ አያስገባም። እ.ኤ.አ. በ1970 ማንዴልና ሂጋ በካልሲየም ክሎራይድ የታከመ ሴል የቫይረስ ዲኤንኤ እንደሚቀበል አሳዩ፤ በ1972 ስታንሊ ኮኸንና ባልደረቦቹ በዚሁ ዘዴ ፕላዝሚድ አስገቡ። ይህ ዝግጅት ግን ሴሎቹን ያዳክማቸዋል፤ እንደ አራስ ሊያዙ ይገባል። ቱቦው ከበረዶ አይራቅ፤ በኃይል አይናጥ፤ በፒፔት ሲሳብም ቀስ ተብሎ ይሁን።

ከሙቀቱ በኋላ ምግብ ተሰጥቷቸው በ37 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያርፋሉ፤ ከዚያ ባክቴሪያ ገዳዩ መድኃኒት አምፒሲሊን ባለበት የአጋር ሳህን ላይ ይዘራሉ። ተማሪዎች ለማሳጠር የሚቸኩሉት የዕረፍቷን ሰዓት ነው። ፕላዝሚዱን ያገኙት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ፕላዝሚዱ የሚያሠራቸውን፣ አምፒሲሊንን የሚሰብረውን ኢንዛይም ገና አልሠሩም። መድኃኒቱ ቀድሞ ከደረሰባቸው የተለፋባቸው ሴሎች ያልቃሉ።

በማግስቱ ሳህኑ ሲወጣ ትልቁን ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) ከበው የበቀሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሊታዩ ይችላሉ። ከትልቁ የወጣው ኢንዛይም በዙሪያው ያለውን አምፒሲሊን ስላጠፋው ፕላዝሚድ የሌላቸውም አደጉ ማለት ነው። የሚለቀመው መሐል ያለው ትልቁ ብቻ ነው።

ከዚያም በፊት ግን እኔ የማየው ዲኤንኤ ያልገባበትን መቆጣጠሪያ ሳህን ነው። እሱ ላይ ብዙ ከበቀለ መድኃኒቱ አልሠራም፤ አጋሩ ሳይበርድ ተጨምሮ ተበላሽቶ ይሆናል፤ የሌላው ሳህን ኮሎኒም ማስረጃ አይሆንም። የታወቀ ፕላዝሚድ የተሰጠው ሳህን ባዶ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱን በአዲሱ ዲኤንኤ ላይ ማላከክ አይቻልም።

ቀድሞ ከአሳማና ከከብት ቆሽት ይወጣ የነበረውን ኢንሱሊን በ1978 በኢ. ኮላይ ማሠራት ተቻለ፤ በ1982 አሜሪካ ለሕክምና ፈቀደችው። እንዲህ ያለ ነገር በመዳፍ በሚያዝ ሳህን ይጀመራልና፣ ለምንለቅመው ኮሎኒ ማስረጃችን የተሟላ መሆን አለበት። መቆጣጠሪያ ሳህን ያላዘጋጀ ተማሪ ኮሎኒ እንዲለቅም አልፈቅድም።