ከስክሪኑ ጎን የቆመው ሰው፦ ቤንሺ በጃፓን የመጀመሪያው ዘመን ሲኒማ

ቤንሺ በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን በጃፓን ሲኒማ ቤቶች ከስክሪኑ ጎን ቆሞ ታሪኩን የሚተርክ፣ የተዋንያኑን ንግግርም በራሱ አንደበት የሚያሰማ ባለሙያ ነበር። ብዙ የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች ስሙን የሚያነሡት እንደ እንቅፋት ነው። ካሜራው ካለበት ሳይነቃነቅ የቆየው፣ በምስል የመተረክ ጥበብ የዘገየው፣ የድምፅ ፊልምም ለመስፋፋት ዓመታት የወሰደበት በእሱ የተነሣ ነው ይባላል። ይህ ፍርድ የተሰጠው በፊልሙ ጥቅልል ላይ የቀረውን ምስል ብቻ አይቶ ነው። በዚያ ዘመን ትኬት የቆረጠ ተመልካች ግን የከፈለው ለምስሉ ብቻ አልነበረም።

ተንቀሳቃሽ ምስል ጃፓን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። በኮቤ ከተማ የታየው የኤዲሰን ኪኔቶስኮፕ አንድ ሰው ብቻውን አጎንብሶ የሚያይበት ሳጥን ነበር። በማግስቱ ዓመት በፈረንሳይ ሊዮን የተማረው ነጋዴ ኢናባታ ካትሱታሮ የሉሚዬር ወንድማማቾችን ሲኒማቶግራፍ በኦሳካ አሳየ። ፊልሞቹ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞሉም ነበርና ስለ መሣሪያው አሠራርና ስለ ባሕር ማዶ ሰዎች አኗኗር እያስረዳ ጊዜውን የሚሞላ ሰው አስፈለገ። ሕዝቡም እንግዳ አልሆነበትም። በካቡኪ ቲያትርና በቡንራኩ የአሻንጉሊት ተውኔት ከመድረኩ ጥግ ተቀምጦ የሚያዜም ተራኪ ሲሰማ ኖሯል። አካሉ ወዲህ፣ ድምፁ ወዲያ መሆኑ ጉድለት ሆኖ አልታየውም። በ1903 በቶኪዮ አሳኩሳ ሰፈር የመጀመሪያው ቋሚ ሲኒማ ቤት ዴንኪካን ሲከፈት ተራኪነት ሙያ ወደ መሆን እያመራ ነበር።

ሙያውን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ቤንሺው ከስክሪኑ ወደ አንድ ወገን፣ ትንሽ መብራት ካለባት ጠረጴዛ አጠገብ ይቆማል። አዳራሹ ሲጨልም የሚታየው ምስሉና ያቺ መብራት ብቻ ናቸው። የማሳያው መሣሪያ በእጅ የሚዘወር ስለነበር ለኦፕሬተሩ ምልክት እየሰጠ ትዕይንቱን ያስረዝመዋል ወይም ያጣድፈዋል። አንዲት ሴት ደጃፍ ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ ምስሉ ከዚህ ያለፈ አይናገርም። ባሏን የምትጠብቅ ሚስት ወይም ዕዳ ጠያቂ የፈራች እናት የሚያደርጋት ከጎን የሚመጣው ድምፅ ነው። ያው ፊልም በሁለት ሲኒማ ቤት ሁለት ፊልም ይሆናል ማለት ነው። ተመልካቹም ይህን ያውቃልና የሚመርጠው ብዙ ጊዜ በቤንሺው ስም ነበር።

ሁሉም ግን ጎበዝ አልነበረም። ብዙዎቹ ዓይን ያየውን በአፍ ይደግማሉ፣ ቃል ያስጌጣሉ፣ ለቅሶ ያበዛሉ። ቶኩጋዋ ሙሴይ ከእነዚህ የተለየው በዝምታው ነው። እንደ «ዶክተር ካሊጋሪ» ያሉ የውጭ ፊልሞችን ሲተርክ ቃል ይቆጥባል። በሁለት ዓረፍተ ነገር መካከል የሚተወው ክፍተት ጃፓኖች «ማ» የሚሉት ነው፤ ምስሉ በዚያ ክፍተት ውስጥ ይሠራል። መናገር ሥራው የሆነ ሰው መቼ ዝም እንደሚባል ማወቁ ከየትኛውም የካሜራ ብልሃት አያንስም።

የዚህን ድምፅ ኃይል ከሐያሲዎቹ ቀድሞ የተረዳው ፖሊስ ነበር። «ዚጎማር» የተባለው የፈረንሳይ የወንጀለኛ ፊልም ልጆችን ያበላሻል ተብሎ በ1912 በቶኪዮ ታገደ። በ1917 የወጣው ደንብ ደግሞ የወንድና የሴት መቀመጫ እንዲለይ፣ ቤንሺዎችም ፈቃድ እንዲያወጡ አዘዘ። በቅኝ ግዛት በተያዘችው ኮሪያ ነገሩ ከዚህ የከረረ ነበር። ፖሊስ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ያዳምጣል፤ «ብዮንሳ» የሚባለው ኮሪያዊ ተራኪ ግን እንደ «አሪራንግ» (1926) ያለውን ፊልም በቃሉ ወደ ሕዝቡ ብሶት ማዞር ይችል ነበር። ሳንሱር የተደረገ ጥቅልል አንዴ ካለፈ አለፈ፤ የሰው አንደበት ግን በየምሽቱ አዲስ ነው።

በ1910ዎቹ መጨረሻ ካኤሪያማ ኖሪማሳንና ባልደረቦቹን የመሳሰሉ ተሐድሶ ፈላጊዎች «ንጹሕ ፊልም» ይኑረን ብለው ተነሡ። የሴት ገጸ ባሕርይን ወንድ መጫወቱ እንዲቀር፣ ካሜራው ወደ ፊት እንዲቀርብ፣ ጽሑፍ በምስሎቹ መካከል እንዲገባ፣ የቤንሺው ሚናም እንዲቀንስ ጠየቁ። ከእነዚህ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ትክክል ነበሩ፤ በተለይ ሴት ተዋንያን ስክሪን ላይ መምጣታቸው ትልቅ ድል ነው። ስለ ቤንሺው ግን ተሳስተዋል። ለዚህ ከማንም በላይ የሚመሰክረው የዳይሬክተሩ የኪኑጋሳ ቴይኖሱኬ ፊልም «የእብደት ገጽ» (1926) ነው። በመካከሉ አንድም ጽሑፍ የለበትም፤ ኪኑጋሳ ጠፍቶ የቆየውን ቅጂ በ1971 ካገኘው ወዲህ በምስል ብቻ የመናገር አብነት ተደርጎ ይጠቀሳል። ቶኪዮ ውስጥ በሙሳሺኖካን ሲኒማ ቤት ሲታይ ግን የተረከው ሙሴይ ነበር። «ንጹሕ» የተባለው ምስል ለተመልካች የቀረበው ከድምፅ ጋር ነው። የኦዙ ያሱጂሮ ድምፅ አልባ ድንቅ ሥራዎችም፣ ለምሳሌ የ1932ቱ «ተወለድኩ፣ ነገር ግን…»፣ የተሠሩት ቤንሺ ገና በሥራው ላይ ሳለ ነው። ዘገየ የሚባለው ሲኒማ በዚህ መዘግየት ውስጥ ነው የበሰለው።

የቤንሺው መጨረሻ በ1931 ጀመረ። «ሞሮኮ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም በጃፓንኛ የትርጉም ጽሑፍ ታየ፤ በዚያው ዓመት የጎሾ ሄይኖሱኬ የድምፅ ፊልም ተወደደ። በ1932 ቤንሺዎች ከሥራ መባረርን ተቃውመው አድማ መቱ፤ አድማውም ከሸፈ። ከመሪዎቹ አንዱ የዳይሬክተሩ የኩሮሳዋ አኪራ ታላቅ ወንድም ሄይጎ ነበር። ታናሹን የውጭ ፊልም እንዲወድ ያደረገው እሱ ነው፤ በ1933 ራሱን አጠፋ። ሙሴይ በበኩሉ ወደ ራዲዮ ተሻገረ፤ ከ1939 ጀምሮ «ሚያሞቶ ሙሳሺ» የተባለውን ልብ ወለድ ሲያነብ፣ አድማጮቹ ያንኑ ዝምታ ያለ ምስል ሰሙት።