ከቅጥር ደራሲነት ወደ አሳታሚነት፦ «ኑሜኔራ» በሂስ ዓይን ሲታይ

በአሜሪካ የተወለደው «ሚና የመጫወት ጨዋታ» ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው በቃል የሚፈጥሩት ታሪክ ነው። አንዱ መሪ ተራኪ ሆኖ ዓለሙን ይገልጻል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚያደርገውን ይወስናሉ፤ ውጤቱ በሚያጠራጥርበት ቦታ ዳይስ ይጣላል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ጆሮውን የሚሰጠው አድማጭ እዚህ ራሱ ተራኪ ይሆናል። ስለዚህ የሚታተመው መጽሐፍ የታሪኩ መፍጠሪያ ደንብ እንጂ ታሪኩ አይደለም። ደንቡን የጻፈው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የደንቡ ባለቤት አልነበረም።

የዘርፉ ታሪክ ይህን ያስረዳል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጌሪ ጋይጋክስ ከባልንጀራው ከዶን ኬይ ጋር በ1973 በዊስኮንሲን ግዛት በሌክ ጄኔቫ ከተማ ቲ.ኤስ.አር. የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ በ1974ም «ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» በ1,000 ቅጂ ታተመ። ጨዋታው ተስፋፋ፤ መሥራቹ ግን በ1985 የድርጅቱን ሥልጣን አጣ። ድርጅቱ በ1997 ለዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት፣ ይኸኛውም በ1999 ለሃዝብሮ ተሸጠ። ሞንቲ ኩክ የሠራው በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ነው። በ2000 የወጣውን የጨዋታውን ሦስተኛ እትም ከጆናታን ትዊትና ከስኪፕ ዊሊያምስ ጋር ነደፈ፤ በ2001 ቅጥሩን ትቶ ማልሃቮክ ፕሬስ የተባለ አነስተኛ አሳታሚ አቋቋመ። ሆኖም የማልሃቮክ ሥራዎች የቆሙት የቀድሞው አሠሪ በ2000 ለሌሎች አሳታሚዎች በሰጠው የደንብ ፈቃድ ላይ ነበር። ቤቱ የራስ፣ መሬቱ የሌላ መሆኑ ነው። መሬቱ ምን ያህል እንደሚያስተማምን በጥር 2023 ታየ፤ ባለቤቱ ፈቃዱን ለመለወጥ ሲነሣ በርካታ አነስተኛ አሳታሚዎች ኅልውናቸው ሥጋት ላይ ወደቀ።

ኩክ ወደ ቀድሞው ቤት ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ በ2012 ዳግመኛ ከወጣ በኋላ ከደራሲና አርታኢ ሻና ጀርሜን ጋር የመሠረተው ሞንቲ ኩክ ጌምስ የተለየ መንገድ ያዘ። ለአዲሱ ጨዋታ ለ«ኑሜኔራ» ኪክስታርተር በተባለው የቅድሚያ መዋጮ ዘዴ 20,000 ዶላር ተጠየቀ፤ 4,658 ሰዎች 517,255 ዶላር አዋጡ። መጽሐፉ በ2013 ወጣ። በዚህ ጊዜ ደንቡም የራስ ነበር።

የነፃነቱ ዋጋ የሚለካው ግን በመጽሐፉ ይዘት ነው። ኩክ በቅጥር ዘመኑ በነደፈው ሦስተኛ እትም የገጸ ባሕርይ ዕድገት ዋነኛ ምንጭ ጠላትን ማሸነፍ ነበር። በ«ኑሜኔራ» መግደል ምንም ነጥብ አያስገኝም፤ የሚያስገኘው አዲስ ነገር መርምሮ ማግኘት ነው። ታሪኩ የሚካሄደው አንድ ቢሊዮን ዓመት ያህል ወደፊት፣ ስምንት ታላላቅ ሥልጣኔዎች አልፈው ፍርስራሻቸው በቀረበት ዓለም ስለሆነ፣ ደንቡና ዓለሙ እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ። መሪ ተራኪው ዳይስ አይጥልም፤ ዕጣው በተጫዋቾች እጅ ነው። ተራኪው ድንገተኛ ችግር ሲያመጣ ተጫዋቹ ሁለት ነጥብ ይቀበላል፤ አንዱን ግን ምክንያቱን ገልጾ ለባልደረባው መስጠት አለበት። ማካፈል በስብከት ሳይሆን በደንብ የተሠራበት ይህ ስፍራ ከመጽሐፉ ሁሉ የላቀው ነው። «ሳይፈር» የሚባሉት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ጥንታዊ መሣሪያዎችም ከተወሰነ ቁጥር በላይ ሲያዙ በባለቤታቸው ላይ አደጋ ያስከትላሉ፤ ስለዚህ ያገኘ ሰው ይጠቀምባቸዋል እንጂ አያከማችም።

ጉድለቱም እዚያው አጠገብ ነው። ያልተሳካ ዳይስን ደግሞ ለመጣል አንድ ነጥብ ይከፈላል፤ አንድ የዕድገት እርምጃ ለመራመድ ደግሞ አራት። ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ከረጢት በመሆኑ፣ ለቡድኑ ሲል ነጥቡን የሚያወጣ ተጫዋች በዕድገት ወደ ኋላ ይቀራል፤ የሚቆጥበው ይቀድማል። መሣሪያ ማከማቸትን የሚቀጣው ደንብ ነጥብ ማከማቸትን ይሸልማል። ነዳፊው ይህን ቅራኔ ሳይፈታው ማለፉ ያስገርማል።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ቅራኔ በኅትመቱ ላይ ይታያል። ማልሃቮክ በ2006 ያወጣው «ፕቶለስ» 672 ገጽ ነበረው፤ ዋጋውም ወደ 120 ዶላር ይጠጋ ነበር። የኋለኛው ድርጅት በ2018 ያወጣው «ኢንቪዚብል ሰን» መጻሕፍትና ካርዶች የታጨቁበት ትልቅ ጥቁር ሳጥን ነው። ከአሠሪ የተላቀቀው ደራሲ አስቀድሞ በሚከፍለው አንባቢ ላይ ተደግፏል፤ አስቀድሞ የሚከፍለው ደግሞ የተረፈው ነው። ውበቱ አይካድም፤ ነገር ግን ማከማቸትን የሚነቅፍ የኪነት ሥራ በመደርደሪያ ላይ የሚከማች ዕቃ እየሆነ ይሸጣል። በእርግጥ ለአንድ ጠረጴዛ አንድ መጽሐፍ ይበቃል፤ ድሀ ተማሪም ከባልንጀራው መጽሐፍ ሊጫወት ይችላል። ድርጅቱ በ2022 የ«ሳይፈር» ደንቦቹን ሌሎች ደራሲያን እንዲጠቀሙባቸው በክፍት ፈቃድ መልቀቁም ከየትኛውም ያጌጠ ሳጥን ይልቅ ከ«ኑሜኔራ» መንፈስ ጋር ይስማማል።